ካሜራው መቼ ይታሰር? የሰማይ ዝላይ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሻይ ቤት ተቀምጠን ዱባይ ላይ የተቀረጸ የዝላይ ቪዲዮዬን ለጥቂት ልጆች አሳየሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ወሬው ደንገጎን ተሻግሮ ሐረር ገባ፤ ጥያቄውም በጽሑፍና በድምፅ ይጎርፍልኝ ጀመር። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። እንደ ድሬ ልማድ ከሞላ ጎደል ሁላችሁም «አንተ» ብላችሁኛል፤ አገሬ መግባቴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስለ ራሴ ባጭሩ፦ ዱባይ ለዘጠኝ ዓመት በአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ሠርቻለሁ። ዝላይ የተማርኩት እዚያው ነው፤ እስካሁን 341 ጊዜ ዘልያለሁ። አሠልጣኝ አይደለሁም። የምነግራችሁ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው፤ ይህን ማንበብ ሥልጠናን አይተካም።

ስትወድቅ ሆድህ ይገለበጣል? መተንፈስስ ይቻላል? (ከለገሃሬ)

ሆድ አይገለበጥም። በሩ ሲከፈት አውሮፕላኑ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው፤ አንተም አብረኸው በዚያው ፍጥነት እየሄድክ ስለሆነ ስትወጣ ነፋሱ ወዲያው ይቀበልሃል። ሚኒባስ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ የሚሰማህ ከዚህ ይብሳል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰከንድ ባለው ጊዜ ፍጥነትህ በሰዓት 190 እና 200 ኪሎ ሜትር መካከል ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሆድህ ተዘርግተህ እስከወደቅክ ድረስ አይጨምርም። አየሩ እንደ ፍራሽ ይደግፍሃል። መተንፈስም ይቻላል፤ ጀማሪ የሚታፈነው ከድንጋጤ የተነሣ ትንፋሹን ስለሚይዝ ነው። ከ4,000 ሜትር ወጥተህ 1,500 ሜትር ላይ ብትከፍት ውድቀቱ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ነው።

እኛ አየር ወለድ ሳለን ጃንጥላው ራሱ ይከፈት ነበር። እናንተ ለምን በእጃችሁ ትከፍታላችሁ? (አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ከሐረር)

ጋሼ፣ እርስዎ የዘለሉት ገመዱ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ ገመዱ ይስብና ጃንጥላውን ይከፍተዋል። ወታደር አየር ላይ በቆየ ቁጥር ዒላማ ስለሚሆን በጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ይዘልላል፤ እዚያ ላይ በእጅ ለመክፈት ጊዜ የለም። እኛ ደግሞ ፍላጎታችን መውደቁ ራሱ ነው። ጃንጥላችንም ክብ አይደለም። አራት ማዕዘን ሆኖ በጨርቁ ኪሶች ውስጥ አየር ሲሞላ እንደ ክንፍ ይበርራል፤ መሬት ሲቃረብ ሁለቱን መሪዎች ወደ ታች ስንጎትት ፍጥነቱን ገትቶ በእግራችን ያቆመናል። እናንተ ተንከባልላችሁ መውረድ የተማራችሁትን ግን እኛም እንማረዋለን፤ አስፈላጊ የሚሆንበት ቀን አለ።

ልጄ፣ ባይከፈትስ? (አንዲት እናት፣ ከሳቢያን)

እናቴ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የእርስዎ ነው። ጀርባችን ላይ ያለው ሁለት ፓራሹት ነው። ዋናውን እኔ ራሴ አጥፋለሁ። ተጠባባቂውን ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ አጥፎ በማኅተም ያሽገዋል። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ባይነካም በየ180 ቀኑ ተፈትቶ፣ ተመርምሮ እንደገና መታጠፍ አለበት።

ዋናው ከተበላሸ ደረቴ ላይ በቀኝ በኩል ቀይ እጀታ አለ፤ እሱን ስስብ ዋናው ከትከሻዬ ይለቀቃል። በግራ በኩል ያለው እጀታ ተጠባባቂውን ይከፍታል። ብዙዎቻችን በተጨማሪ አንድ አጭር ማሰሪያ አለን፤ ዋናው ተለቅቆ ሲሄድ እግረ መንገዱን ተጠባባቂውን ስቦ ይከፍተዋል። እጄ ቢሰበር ወይም ራሴን ብስትስ ለሚለው ደግሞ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። በብዛት የሚታወቀው የጀርመኑ ሳይፕረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ልምድ ላላቸው በተዘጋጀው ዓይነት፣ ሰውየው 225 ሜትር ገደማ ላይ ደርሶ ገና በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቀ ከሆነ የተጠባባቂውን መዝጊያ ክር በራሱ ይቆርጠዋል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚወድቅ ሰው 225 ሜትር ማለት አራት ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የምይዘው እንዳይደርስብኝ ለምጸልይበት ቀን ነው እንጂ ተማምኜበት አይደለም። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም፤ አለው። ለገዛ እናቴም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁንም ስዘል ይጾሙልኛል።

አንተ ላይ ደርሶ ያውቃል? (ያው ልጅ፣ ከለገሃሬ)

አንድ ጊዜ፤ 212ኛው ዝላዬ ላይ። የምነግራችሁ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የራስ ቁሬ ላይ አዲስ የካሜራ ማሰሪያ እየገጠምኩ ነበር። ብሎኑን አጠብቃለሁ፣ አንግሉን አስተካክላለሁ፣ ደግሞ እፈታለሁ። ለመሳፈር ስንጠራ ፓራሹቴ ገና ምንጣፉ ላይ ነበር። ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ የምወስድበትን እጥፋት በጥድፊያ ጨረስኩ፤ የግራና የቀኙን የመሪ ገመድ ጥምዝ መፍታት ነበረብኝ፤ የቀኙን አልፈታሁም። ሲከፈት ተሰማኝ፤ ቀና ስል ጨርቁ ተዘርግቷል፤ ግን ወደ ቀኝ ይዞረኛል። ከበላዬ ሁለት ገመዶች ተቋጥረው አንድ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ ሠርተዋል። መሪዎቹን ሁለት ጊዜ እስከ ወገቤ ጎተትኩ፤ አልፈታም አለ፤ ዙሩም እየፈጠነ መጣ። የእጄ መለኪያ 750 ሜትር ይላል። በትምህርት ቤት «ከዚህ ከፍታ በታች አትከራከር፤ ወስን» የተባልኩት እዚያው አካባቢ ነው። ቀዩን አይቼ በሁለት እጄ ያዝኩና ሳብኩ። ለአንድ ቅጽበት ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ ወዲያው ነጩ ተጠባባቂ ጭንቅላቴ ላይ ተዘረጋ። የግራውን እጀታ የሳብኩት ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ሳብኩት፤ እንደዚያ ነው የተማርነው።

ከዚህ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ማታ ያየሁት ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ እኔን ቀርጾኝ ነበር። ወደ ላይ በወጣንባቸው አሥራ አምስት ደቂቃዎች እጄ ወደ ካሜራው ሰባት ጊዜ ሄዷል። ወደ እጀታዎቹ አንድም ጊዜ አልሄደም። ከበሩ በፊት ሦስቱን እጀታዎች፣ የዋናውን መክፈቻ፣ ቀዩንና የተጠባባቂውን፣ መንካት ግዴታ ነው፤ እኔ ነክቼ እንደወጣሁ እርግጠኛ ነበርኩ።

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ጎፕሮ የምትባለው ትንሽ ካሜራ አለችኝ፤ በመጀመሪያው ዝላዬ ይዤው ብወጣስ? (ከመጋላ)

አይሆንም ወንድሜ፤ ያሰብከውን ያህል ትንሽ ነገር ስላልሆነ አስረዝሜ ልመልስልህ።

የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ካሜራ ይዞ ለመዝለል ቢያንስ 200 ዝላይ ይመክራል፤ ብዙ የዝላይ ቦታዎችም ይህንን እንደ ሕግ ይዘውታል። ስጀምር እኔም ቁጥሩ ለነጋዴ ጥቅም የወጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በራሴ አይቼዋለሁ፤ እኔ እንኳ 200ውን ሞልቼ ካሜራው እጄንም ሐሳቤንም ወስዶብኛል። 20 ዝላይ ያለው ሰው ገና ከፍታውን ማንበብ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ማየት፣ ነፋሱን መለካት በማሰብ ነው የሚሠራው። በማሰብ የሚሠራ ሰው ላይ ሌላ ሐሳብ ሲጨመርበት የሚወድቀው አስፈላጊው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አንድ ከፍተኛ ልምድ ያለው ዘላይ ሌሎችን ሊቀርጽ ካሜራውን ይዞ ወጣ፤ ፓራሹቱን ግን አልለበሰም ነበር። የቀረጻ መሣሪያው ክብደት ጀርባው ላይ ስለነበረ ሳይታወቀው እንደቀረ ይገመታል። ነፍሱን ይማር።

ሁለተኛው አደጋ መጠላለፍ ነው። ከራስ ቁሩ የወጣ ማንኛውም ጉጥ የሚከፈተውን ገመድ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ነው የዝላይ ካሜራ ማሰሪያ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከጎኑ ክፍተት የሌለው የሚሆነው፤ የአገጩም ማሰሪያ በአንድ እጅ ተስቦ ቁሩን በሙሉ የሚጥል መሆን አለበት። ለብስክሌት የተሠራው ረጅም እግር ያለው ማሰሪያ ለዚህ አይሆንም። በእጅ የሚያዝ ዘንግማ ፈጽሞ አይታሰብም።

እስከዚያው ግን ፊልምህ አይቀርም። ታንደም ብትዘል፣ ማለትም ከአስተማሪው ጋር አንድ ላይ ታስረህ፣ እሱ በእጅ አንጓው ላይ ባለው ካሜራ ይቀርጽሃል፤ ወይም ሌላ ቀራጭ አብሮ ይዘልላል።

ስለ ቀረጻው ራሱ ምን ትመክራለህ? (እሱው)

ባለሙያ ስለሆንክ ፈጥነህ ይገባሃል። ፍሬሙን የሚሠራው አንገትህ ሳይሆን መላ ሰውነትህ ነው፤ አንገት ብቻውን ሲዞር ምስሉ ይናጣል፤ ሰውነትህም አብሮ ይዞርና ከሰውየው ትርቃለህ። የምትቀርጸው ሰው ከባድ ከሆነ ይቀድምሃል፤ ቀለል ያለ ከሆነ ታልፈዋለህ፤ ለዚህ ነው ቀራጮች ከብብታቸው እስከ ወገባቸው ክንፍ ያለው ልብስ የሚለብሱት። ባትሪውን ሙላና ሰውነትህ አጠገብ አቆየው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ መሬት ላይ 35 ዲግሪ ከሆነ 4,000 ሜትር ወደ ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ካሜራውን መሬት ላይ አብራውና እስክትወርድ አትንካው። ቀረጻው ቢቋረጥም ይቋረጥ።

ጀጎል፣ መኪና ግርግር የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያመጣህልኝን የዝላይ ልብስ ጉልበት ሰፍቼልሃለሁ፤ የፓራሹቱንስ ቀበቶ ብሰፋው?

ስፌትህ እስካሁን ሳይላላ አለ፤ ሁለት ረድፍ ስለሰፋህልኝ አመሰግንሃለሁ። ቀበቶውን ግን አንተም ሆንክ እኔ አንነካውም። የክሩ ዓይነት፣ የስፌቱ ቅርጽ፣ በአንድ ስንዝር የሚያርፈው የጥልፍ ብዛት ሁሉ በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ሲከፈት የሚያርፍበት ጭነት የሰውየው ክብደት እጥፍ ድርብ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይሠራዋል። በነገራችን ላይ ጨርቁን የሚጎዳው መቀደድ ብቻ አይደለም፤ የድሬ ፀሐይና አሸዋ ናይለን ይበላሉ። መኪና ውስጥ ትቼው አላውቅም።

ከፍታ መለኪያው መሬት የት እንዳለ እንዴት ያውቃል? (ተማሪ፣ ከሐረር)

አያውቅም! የሚያውቀው የአየር ግፊትን ብቻ ነው። ባለፈው ወር ድሬ ላይ ዜሮ አድርጌው በሚኒባስ ወደ እናንተ መጣሁ፤ ደንገጎን ስንወጣ መርፌው ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ ሐረር በር ላይ ስወርድ 700 ሜትር ገደማ ያሳይ ነበር፤ እኔ ግን መሬት ላይ ቆሜ ነበር። ድሬ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ነው። በዚያ መለኪያ ሐረር ላይ ብዘል ኖሮ 700 ሜትር እንደቀረኝ እያመንኩ መሬት እመታ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ በምታርፍበት ቦታ ዜሮ ታደርገዋለህ።

ድሬዳዋ ላይ መዝለል አይቻልም? ወደ ሽንሌ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። (ባጃጅ አሽከርካሪ፣ ከገንደ ቆሬ)

ሜዳው እኔንም ሁልጊዜ ያጓጓኛል። ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ግን የሚታሰብ አይደለም፤ አየር ማረፊያው መንገደኛ ያመላልሳል። ከፈቃዱ ቀጥሎ አየሩ አለ። 35 ዲግሪ በሚሞቅበት ቀን የድሬ አየር ከመሳሳቱ የተነሣ ፓራሹት 2,100 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይበርራል። ዱባይ ባሕር ዳር ከማርፍበት ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር የሚመታህ ጉልበት ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። ለዚህ አገር ሰፋ ያለ ፓራሹት ያስፈልጋል። ከረፋድ በኋላ ደግሞ አዋራ እያዞረ የሚነሣው አዙሪት አለ፤ ክፍት ፓራሹት በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ከገባበት ሊያጥፈው ይችላል። ከተፈቀደ ጠዋት በማለዳ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ ነው መሆን ያለበት።

ጫት ቅሞ መዝለልስ?

አይሆንም። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ካለፈው ቀን የቀረ ድካም ካለብህም ያን ቀን መሬት ላይ ዋል።

ሂጃብ ለብሼ መዝለል እችላለሁ?

ትችያለሽ። ከራስ ቁሩ ሥር በደንብ ተጠቅልሎ ጫፉ ልብስሽ ውስጥ ይግባ፤ ደረት ላይ እጀታ ስላለ ምንም የሚውለበለብ ነገር መኖር የለበትም። ዱባይ እንደዚህ የሚዘሉ ሴቶች አይቻለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ስገዛ ምን ልግዛ?

ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ታንደም ዝለል፤ ኬንያ ውስጥ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ይቻላል፤ ገልፍ ካለህም ዱባይ አለልህ። ከወደድከው ተማር፤ በአሜሪካው ሥርዓት የመጀመሪያው ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ እስከዚያ በኪራይ ዕቃ ትዘላለህ። ከዚያ መጀመሪያ የራስህን የራስ ቁርና ከፍታ መለኪያ ግዛ። ፓራሹት ስትመርጥ ጓደኛህ የያዘውን አትይ። እኔ ከእነ ዕቃዬ 85 ኪሎ እመዝናለሁ፤ የጀመርኩት በ230 ካሬ ጫማ ነው፤ ወደ 190 የወረድኩት ከ150 ዝላይ በኋላ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከገዛህም ባለሙያ ፈትቶ ሳያየው ገንዘብ አትክፈል።

እሺ፣ 200 ዝላይ ከሞላሁ በኋላ ቪዲዮዬን ብልክልህ ታየዋለህ? (የመጋላው ቪዲዮ ቀራጭ)

በደስታ። ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ቀርጾህ ከሆነ እሱንም ጨምረህ ላክልኝ። መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት እጅህ ወደ ሦስቱ እጀታዎች ሲሄድ ማየት እፈልጋለሁ።