አፉን ዘግታችሁ እጁን አትርሱ

ለታናናሾቼ፤

ሰርቨር ስጠብቅ ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። ከእነዚያ ሌሊቶች እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን አንድም ስልክ ያልጮኸበት ነው።

ጥገናው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተይዞ ነበር፤ ዳታቤዙን አቁመን ፋይሎቹን ወደ አዲስ ዲስክ ልንገለብጥ። የጥገናውን ሰዓት ሰርቨሮቹን የሚከታተለው ፕሮግራም ላይ መዘገብኩ፣ አለርቱ (ችግር ሲኖር የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ) ጸጥ አለ፣ እኔም ተረጋጋሁ። ዳታቤዙን አቆምነው። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ። ባልደረባዬ የነካው መስሎኝ ተቆጣሁት። ደግመን አቁመን መገልበጥ ጀመርን፤ በመሃል ዳግመኛ ተነሥቶ ፋይሎቹ ላይ ይጽፍ ጀመር። ቅጂው የማይታመን ስለሆነ ከዜሮ ጀመርን፤ ስንጨርስ ነግቶ ተጠቃሚው በር ላይ ቆሟል። «ዳታቤዙ ከወደቀ አስነሣው» የሚል ስክሪፕት ከወራት በፊት የጻፍኩት ለካ እኔው ነበርኩ!

መልእክት ማፈንና እንደዚያ ስክሪፕት በራሱ የሚወሰድን እርምጃ ማገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው አፉን መዝጋት፣ ሁለተኛው እጁን መያዝ ነው። መሣሪያዎቹም አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ዛቢክስ በሚባለው የክትትል ፕሮግራም ላይ በጥገና ጊዜ የታፈነ ችግር እርምጃውንም እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ የዚህን ምርጫ ምልክት ያጠፋ ሰው ካለ ግን የእርምጃው ትእዛዝ ሰርቨሩ ድረስ ይሄዳል። ሌላውን የክትትል ፕሮግራም ፕሮሚቲየስን የምትጠቀሙ ደግሞ ሳይለንስ (የማፈኛው ትእዛዝ) የሚቀመጠው ማስጠንቀቂያዎቹን በሚያሰራጨው በአለርትማኔጀር ውስጥ መሆኑን አትዘንጉ። በዚያ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ይታፈናል፤ ፕሮሚቲየስን በቀጥታ የሚጠይቅ ስክሪፕት ግን ስለ ሳይለንሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በበርካታ ማሽኖች ላይ አገልግሎት እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው ፔስሜከርማ የክትትላችሁን ካላንደር ፈጽሞ አያይም። የራሱን የጥገና ሁኔታ ካላበራችሁለት፣ በእጃችሁ ያቆማችሁትን አገልግሎት እንደ ወደቀ ቆጥሮ ያስነሣዋል፣ ወይም ወደ ሌላ ማሽን ያዛውረዋል። ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ሲስተምዲ፣ ሁልጊዜ አስነሣ ተብሎ ቢታዘዝም፣ አገልግሎቱን በራሱ የማቆሚያ ትእዛዝ ስታቆሙት ያከብራል፤ እየሠራ ያለውን ፕሮሰስ በኪል ትእዛዝ ከገደላችሁት ግን መልሶ ያመጣዋል።

ስለዚህ ከጥገና በፊት «ማን ይጮኻል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን ማሽን እኔን ሳያስፈቅድ ማን ሊነካው ይችላል? ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስጀምረውን ክሮንን ጨምሮ ስማቸውን በወረቀት ጻፉ። እኔ ስጽፍ ሁልጊዜ አንድ የረሳሁት ይገኛል።

ማገጃው የሚያበቃበት ሰዓት ይኑረው። አንድ ጊዜ «ጥገና ላይ ነን» የሚል ባዶ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ረስቼ፣ ማስነሻው ስክሪፕት ፋይሉን እያየ ለሳምንታት ተኝቶ ከርሟል፤ ያወቅነው አገልግሎቱ በእውነት የወደቀ ዕለት ነው። ሥራው ከታሰበው በላይ ከረዘመ ደግሞ ሰዓቱ ሳያልቅ አራዝሙት። ከዚያ በኋላ ስታራዝሙ ማሽኑ ይቀድማችኋል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) እየቆጠረ እናንተ በግድግዳ ሰዓት እንዳትመዘግቡም ተጠንቀቁ።

መረጃ መሰብሰቡን ግን አታቁሙ። ዛቢክስ መረጃ የሚሰበስብም የማይሰበስብም ጥገና ይፈቅዳል፤ እኔ መረጃ የሚሰበስበውን እመርጣለሁ፣ ነገሩ ሲበላሽ ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ ማየት ያናድዳልና።

ያ ስክሪፕት ዛሬም ይሠራል። የመጀመሪያው መስመሩ ጥገና ላይ መሆናችንን ያጣራል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ደግሞ እጁን ሰብስቦ ሰው ይጠራል።