ሁለተኛ ፋን ከመግጠምህ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለ አራት ጎማ ሞተር አለኝ፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ፈጠን ብዬ ስነዳው ምንም አይል። ጭቃ ወይም ዳገት ላይ ዘገም ስል ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት መብራቱ ይበራል። አንዱ ጓደኛዬ ሁለተኛ ፋን ግጠም ይለኛል። ሌላው የዘይት ማቀዝቀዣ ጨምር ይላል። ሌላው ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። ስትፈጥን አይሞቅም፣ ስትዘገይ ይሞቃል። እንግዲያው በመጀመሪያ የምጠረጥረው ንፋስ ነው። ስትፈጥን ንፋሱ በራሱ ይገባል። ስትዘገይ ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ሲፈጥን የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ውሃውን የሚያዞረውን ፖምፓ፣ እንደ ሙቀቱ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት ወይም የራዲያተሩን ውስጥ ፈትሽ እልህ ነበር።

እኔም በዚህ ነገር ተሸውጃለሁ። ሞተሬ ሲሞቅብኝ ቸኩዬ የዘይት ማቀዝቀዣ ገጠምኩለት። ሁለት ቀን ለፋሁበት። በሦስተኛው ቀን ጭቃ ውስጥ ስገባ መብራቱ እንደ ድሮው በራ። በመጨረሻ ፋኑን ፈታሁት። ራዲያተሩ ከፊት ሲያዩት ንጹህ ነው፤ ሁልጊዜ አጥበው ነበርና። ከኋላ፣ በፋኑና በራዲያተሩ መሃል ግን ጭቃው ከሳር ጋር ተጋግሮ እንደ ሸክላ ደርቋል። የእጅ ባትሪ ከኋላ አብርቼ ከፊት አየሁ። ብርሃን የሚያልፈው ከላይ ጥግ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነበር። ሞተሩ ሲተነፍስ የከረመው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋኑን ፍታ። ጭቃውን በውሃ አርሰህ ትንሽ ተወው፣ ከዚያ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠበው። ከፊት ካጠብከው ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። ኃይለኛ የውሃ ግፊት አትጠቀም፤ ስስ የሆኑት የአልሙኒየም ክንፎች ወዲያው ይተኛሉ። ስትጨርስ በእጅ ባትሪ አረጋግጥ።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተህ ቆሞ እንዲሞቅ አድርግ። ፋኑ ከመብራቱ ቀድሞ መነሳት አለበት። ሲነሳ አንድ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ያዝ። ወረቀቱን ስቦ ከለጠፈው ጥሩ ነው። ከገፋው አንድ ሰው ሽቦውን ገልብጦ አስሮታል፤ ፋኑ ከሚመጣው ንፋስ ጋር እየታገለ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ደህና ከሆኑና አሁንም መጨመር ከፈለግህ፣ ከሁለተኛ ፋን በፊት ለነባሩ ፋን የእጅ ማብሪያ ግጠምለት። ጭቃው ከመድረሱ በፊት ታበራዋለህ፣ ሙቀቱን ቀድመህ ትይዘዋለህ። ሽቦውን በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራ ማብሪያ) አሳልፈው፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። የሙቀት ሴንሰሩን ግን አትቁረጠው፤ አንተ ማብራት ብትረሳ እሱ ያስነሳዋል። ሁለተኛ ፋን ብዙም አልወድም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ጉልበት ትንሽ ነው። ፋኑ ሲጠፋም ራሱ የንፋስ መዝጊያ ይሆናል።

ዘወትር ጭቃ ውስጥ የምትውል ከሆነ ትልቁ መፍትሔ ራዲያተሩን ከታች አንስቶ የፊት ዕቃ መጫኛው ላይ ማውጣት ነው። ጭቃው እዚያ ብዙም አይደርስበትም። ግን በጥንቃቄ ይሠራ። የውሃ መሙያው ከሁሉም ነገር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ አለዚያ አየር ውስጥ ይቀርና ከበፊቱ ብሶ ይፈላል። ቱቦዎቹ ለኩላንት፣ ማለትም ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ የተሠሩ ይሁኑ፣ አይታጠፉ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታም አይንኩ። ራዲያተሩን ጎማ ላይ አስቀምጠው፤ ብረት በብረት ከታሰረ ንዝረቱ ይሰነጥቀዋል። ትኩሱ ንፋስ ወደ አንተ እንደሚመጣም እወቅ።

የዘይት ማቀዝቀዣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ትልቅ ነገር ነው። ላንተ ግን የመጀመሪያ መልስ አይደለም። ቴርሞስታቱንም አትንካው። ያለሱ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ቶሎ አይደርስም፣ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ይብሳል።

ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር ይቀላቀል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ከያዘ ከ120 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ክዳኑን ቀይረው። ጭቃ ውስጥ ደግሞ በከባዱ (በዝግተኛው) ማርሽ ሂድ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ፖምፓውም ውሃውን በደንብ ይገፋል፣ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ቺንጋም አይቃጠልም።

አንድ ነገር ቀረ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈትና አስነሳው። ሙቅ ሞተር ላይ ክዳን እንዳትከፍት፣ አደራ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ጥቂት አረፋ ችግር የለውም። ሳያቋርጥ ከወጣ ግን የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሳይሄድ አልቀረም። ያኔ ፋንም ራዲያተርም አትግዛ፣ መጀመሪያ ቴስታታውን አስፈታ።