ሁለት ቀን ከቆመ የማይነሳ፣ ጭኖ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ፒክአፕ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የግንባታ ድርጅት የነበረ ባለ ናፍጣ ትልቅ ፒክአፕ ገዛሁ። የሚያሳየው 118,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሞተሩም ድምፅ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ቀን ካቆምኩት አይነሳም። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን በአዲስ ቀየርኩ፣ ሦስት ሳምንት ሠርቶ ያው ሆነ። ሌላው ችግር፣ ጭኜ ስነሳ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ሲይዝ ይተወዋል። አንድ መካኒክ ፍሪሲዮን ነው አለኝ። ልቀይረው? ኪሎ ሜትሩስ እውነት ይመስልዎታል?»

ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑን ለጊዜው አትንካው። ከባትሪው እንጀምር።

እንዲህ ያለ መኪና ሁለት ባትሪ ሲኖረው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው እንደ አንድ ትልቅ ባትሪ ነው የሚሠሩት። አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ካደረግህ፣ የደከመው ሌሊቱን ሙሉ ከአዲሱ እየጠጣ ያድራል። አዲሱም ሳይሞላ እየሠራ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ለያያቸውና ሁለቱንም ለየብቻ ሙሉ ቻርጅ አድርጋቸው። ሳታገናኛቸው አንድ ሌሊት ይደሩ፣ ጠዋት በቴስተር ለካቸው። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ካሳየ ሩብ ያህል ጎድሏል። ወደ 12.0 ከወረደ ቻርጅ አይዝም ማለት ነው፣ አትልፋበት። የሚቀየር ከሆነ ሁለቱም ይቀየሩ፤ ዓይነታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸውም አንድ ይሁን።

ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ኮፈኑን ክፈትና የባትሪውን ፖዘቲቭ ተመልከት። ከወፍራሙ ገመድ ሌላ ስንት ቀጫጭን ሽቦ ታስሮበታል? የሥራ መኪና ላይ ሦስትና አራት ሽቦ ማግኘት የተለመደ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ለነበረው የሚዞር መብራት፣ አንዱ ለመገናኛ ሬዲዮ፣ አንዱ መኪናውን ለሚከታተለው ጂፒኤስ፣ አንዱ ደግሞ ከኋላ ለሌሊት ሥራ ለተገጠመ መብራት። ድርጅቱ መኪናውን ሲሸጥ ዕቃውን ይነቅልና ሽቦውን እዚያው ይተወዋል። አንዳንዴ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ጋቢናው ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያሉ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ በመኪናው ፊውዝ ሳጥን አያልፉም፣ ቀጥታ ከባትሪ ነው የተሳቡት። ለዚህ ነው ፊውዝ እየነቀለ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ምንም የማያገኘው።

አሁን መኪናው ቆሞ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለካ። የሁለተኛውን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍታና ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው። ከዚያ የመጀመሪያውን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍታና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በገመዱና በባትሪው መሀል አስገባው። ቁልፉን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ በሮቹ ዝግ ይሁኑ፣ የውስጥ መብራት አለመብራቱን አረጋግጥ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚተኙት ወዲያው አይደለም፣ አንዳንዱ አንድ ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ቴስተሩ እንደተያያዘ ሞተር ለማስነሳት በፍጹም እንዳትሞክር፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

0.05 አምፔርና ከዚያ በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ካሳየህ ግን አስላው፦ 0.5 በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው። በሁለት ቀን 24። ጤነኛ ጥንድ ባትሪ ይህን ይችለው ነበር፣ አንዱ የሞተበት ጥንድ ግን አይችለውም። የአንተ ነገር ሁለቱም አንድ ላይ ይመስለኛል፣ ባትሪውን የሚያፈስ ሌባ ሽቦም አለ፣ የደከመ ባትሪም አለ። ያልቀየርከው ባትሪ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልነገርከኝም፣ ከመኪናው ጋር የመጣ ከሆነ ግን ብዙ አትመነው።

ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየፈታህ ቴስተሩን እይ። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሽቦ ሌባው ነው። እስከ መጨረሻው ተከተለውና ሙሉ በሙሉ አውጣው፣ ቆርጠህ ብቻ አትተወው። ግማሽ መንገድ የቀረ ሽቦ አንድ ቀን ሻንሲ (የመኪናውን የሥር ብረት) ይነካል፣ እሳትም ያስነሳል። ከጂፒኤሱ ጋር ግን ጥንቃቄ አድርግ። ብዙዎቹ መኪናው ቢሰረቅ ከሩቅ እንዲቆም ተብሎ ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ወይም ከነዳጅ ፓምፑ ሽቦ ጋር በሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ታስረዋል። ዝም ብለህ ብትቆርጠው መኪናው ጨርሶ አልነሳም ሊልህ ይችላል። የመጀመሪያውን ሽቦ ወደ ቦታው መልሶ የሚያገናኝ ኤሌክትሪሺያን ያውጣልህ፣ ሻጩም የጂፒኤሱን ምዝገባ ከስሙ እንዲያነሳው ንገረው።

ሁሉንም ፈትተህ ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞውን (ባትሪውን የሚሞላውን) ጠርጥር። ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሲበላሽ ሞተሩ ጠፍቶም ከባትሪ ወደ ኋላ ይስባል። ባትሪው እንደተፈታ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ንቀልና ጠቅልለህ እንደገና ለካ፣ ያኔ ይለይልሃል። የተጎታች ሶኬቱንም እይ፣ ጭቃና ውሃ ገብቶ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ እሱም ያፈሳል። ጣሪያው ላይ የመብራቱ ቀዳዳ ከቀረ ደግሞ ምንጣፉን አንሳና በእጅህ ዳስስ። እርጥብ ከሆነ ከሽቦ በላይ ችግር አለ፤ ብዙ መኪና ላይ ኮምፒውተሮችና ማገናኛዎች እዚያው ሥር ናቸው።

ወደ መንቀጥቀጡ እንሂድ። ፍሪሲዮን መሆን አለመሆኑን ሳታወጣ መለየት ትችላለህ። የፍሪሲዮን መንቀጥቀጥ ፔዳሉን እየለቀቅህ ባለህበት ሰዓት የሚመጣ ነው። እግርህ ሙሉ በሙሉ ከፔዳሉ ተነስቶ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጥ ከቀጠለ ግን ፍሪሲዮኑ ሥራውን ጨርሷል፣ ጥፋቱ ከኋላው ነው። «ጭኜ ስነሳ» ማለትህ፣ ፍጥነት ሲይዝም መተዉ፣ እኔን ወደ ሻፍቱ ነው የሚወስደኝ።

እንዲህ ረጅም በሆነ ፒክአፕ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ነው። መሀሉን ሻንሲው ላይ የታሰረ ኩሽኔታ ይይዘዋል፣ ኩሽኔታው ደግሞ በጎማ የተከበበ ነው። ከጊዜና ከጭነት ብዛት ያ ጎማ ይቀደዳል። ጭነህ ስትነሳ ሻፍቱ ከቦታው ይዘላል፣ አንተም ከሥርህ ይሰማሃል። ለአንድ ደንበኛ በዚሁ ምልክት ሌላ ጋራዥ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ቀይሮለት ነበር። ወደ እኔ ሲመጣ የመሀሉን ጎማ በእጄ ገፋሁት፣ በቀዳዳው ጣቴ አለፈ። ያ ሰውዬ ያወጣውን ገንዘብ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል፤ ሥር ገብቶ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ደልዳላ ቦታ አቁምና ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዛቸው። ከዚያ ማርሹን ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑንም ልቀቅ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አትግባ። ሻፍቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ጠምዝዘው፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅንቀው። ክሮቼራዎቹ (የሻፍቱ መታጠፊያ መጋጠሚያዎች) ላይ በእጅ የሚሰማ ክፍተት መኖር የለበትም። በክሮቼራው ቆብ ዙሪያ ቀላ ያለ የዝገት ዱቄት ካየህ ውስጡ ግሪስ አልቆ ደርቋል ማለት ነው፣ ገና ባይላላም ጊዜው ደርሷል። ሻፍቱ ሲፈታ መካኒኩ ሁለቱን ቁራጮች በቀለም ምልክት ያድርግባቸው። በሌላ አቅጣጫ ከተገጠሙ ያልነበረ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ አዲሱ ዕቃ መጥፎ ነው ብላችሁም ታማላችሁ።

ሥር እንደገባህ ባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ሳታይ አትውጣ። የሥራ መኪና ላይ ባሌስትራ ሲተኛ ጭነት እንዲችል ተብሎ ቅጠል ይጨመርበታል፣ ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መሀል ብረት ይገባበታል። ያኔ የኋላው ማዕዘን ይቀየራል፤ ክሮቼራው ባልተሠራበት ማዕዘን ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል። የመሀሉን ኩሽኔታ ቀይረህ ችግሩ በጥቂት ወር ከተመለሰ ምክንያቱን እዚህ ፈልግ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፣ ተስበው ስለሚረዝሙ ሁለተኛ አይታመኑም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላም እንደገና ይጠበቁ። ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ እስከ አክስሉ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል በሜትር ለካ። ልዩነት ካለ የመሀሉ ቡሎን ተቆርጦ አክስሉ ሸርተት ብሏል።

የኪሎ ሜትሩ ነገር። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ አይነግርህም። የግንባታ መኪና ከሚነዳው ይልቅ ሞተሩ ተነስቶ ቆሞ የሚውልበት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። አንዳንዶቹ የሞተሩን ሰዓት ዳሽቦርዱ ላይ ያሳያሉ፣ ካልሆነም የምርመራ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሊያወጣልህ ይችላል። ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍል። ለምሳሌ 118,000 ለ5,900 ሲካፈል 20 ነው፤ ይህ መኪና በሕይወቱ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነበር። ፎርድ ለአንዳንድ የሥራ መኪኖቹ ባወጣው ስሌት አንድ ሰዓት በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው) የሠራ ሞተር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተነዳ ይቆጠራል። ስለዚህ 3,000 ሰዓት በሚኒሞ የሠራ ሞተር ላይ 120,000 ኪሎ ሜትር ደምርበት። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ሳይሞቅ በሚኒሞ ሲውል ጥላሸት ያበዛል፤ ኢጂአሩን (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ክፍል) እና የጭስ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ዘይቱንም ያቆሽሻል። የዘይት መቀየሪያህን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ያዝ።

ዘይት ስትቀይር የዲፈረንሻሉንም ክፈተው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አክስሉ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ስትደፈን፣ የሞቀ አክስል ውሃ ውስጥ ሲገባ በጎማ ማሸጊያው በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻዋን አጽዳት፣ ወይም በቱቦ ወደ ላይ አውጣት። የተጎታች ማያያዣውንም ተመልከት፣ ቀዳዳው ተበልቶ ከሞለለ ብዙ ጎትቷል ማለት ነው፣ የካምቢዮው ዘይትም አብሮ ይቀየር።

ሻፍቱ እስኪታይ ድረስ አትጫንበት። ክሮቼራ በጉዞ ላይ ከተሰበረ ሻፍቱ መሬት ይመታል፣ የፍሬን ቱቦም ሊቆርጥ ይችላል። መኪናው ቆሞ የለካኸውን አምፔርና የሞተሩን ሰዓት ጻፍልኝ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን አብረን እናያለን።