የተበሳሳ ክንፍ ነዳጅ ይቆጥባል?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በስቶ አየር ወደ ውስጥ መምጠጥ ነዳጅ ይቆጥባል ሲባል አነበብኩ። እውነት ነው? ከሆነ ለምን በሁሉም አውሮፕላን ላይ የለም?
ተማሪዋ፣ ከደሴ

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፤ በሰማይ ላይም ተረጋግጧል። ክንፉን የሚነካው ስስ የአየር ሽፋን ረግቶ ከፈሰሰ ፍትጊያው ትንሽ ነው፤ ከተበጠበጠ ግን በጣም ይጨምራል። ትልቅ የመንገደኞች ጄት ሲበር ወደ ኋላ ከሚጎትተው ኃይል ግማሽ ያህሉ ይኸው ፍትጊያ ነው።

የጄት ክንፍ ለፍጥነቱ ሲባል ወደ ኋላ ያዘመመ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከክንፉ ገጽ አጠገብ ያለው ዘገምተኛ አየር ወደ ጎን ይንሸራተትና ገና ከፊት ጠርዙ ጀምሮ ትንንሽ አዙሪት ይፈጥራል። ቅርጹን ማሳመር ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ መፍትሔው ያን ዘገምተኛ አየር በቀዳዳዎቹ መጥጦ ማስወገድ ነው።

ናሳ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንን ጄትስታር በተባለ አነስተኛ ጄት ሞክሯል። የቀኝ ክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች የተበሱበት የቲታኒየም ሽፋን ተገጠመ። ከዚያ ከአትላንታ፣ ከፒትስበርግና ከክሊቭላንድ እያስነሱ ልክ እንደ መደበኛ በረራ አበረሩት። ደመና ውስጥ ሲገባ የረጋው ፍሰት ይጠፋል፤ ሲወጣ ይመለሳል።

ዋናው ጠላት ግን ነፍሳት ናቸው። እኔ በጥገና ሥራ ላይ ሳለሁ የክንፍ ጠርዝ ወልውያለሁ። የደረቀ ትንኝ ላይ ጣትሽን ብታሳልፊ ይቆረቁርሻል፤ በእርጥብ ጨርቅም ቶሎ አይለቅም። ለተራ ክንፍ ይህ ምንም አይደለም። ለረጋ ፍሰት ግን አንዷ ትበቃለች፤ ከኋላዋ እየሰፋ የሚሄድ የተበጠበጠ አየር ትተዋለች። ናሳ ግን አውሮፕላኑ ሲነሳ ጠርዙን የሚከልል ታጣፊ ጋሻና ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ ተጠቅሞ ተወጥቶታል።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ፓምፑና ቧንቧው ክብደት አላቸው፤ ቀዳዳዎቹም ንጽሕና ይፈልጋሉ። መምጠጫው መንገድ ላይ ቢቆም ፍጆታው ስለሚጨምር ተጨማሪ ነዳጅ መያዝ ግድ ነው። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ ከሚቆጥቡት ነዳጅ ጋር ያሰላሉ። ለዚህም ነው ሙሉ ክንፉን ትቶ የፊት ጠርዙን ብቻ መምጠጥ የመጣው። ቦይንግ በ1990 በ757 ክንፍ፣ ኤርባስ በ1998 በኤ320 የጭራ ክንፍ ላይ ሞክረውታል።

እኔ ብጠየቅ ከጭራው ይጀመር እላለሁ። እዚያ ጠርዙ ላይ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ነገር የለም፤ ቧንቧ ለመዘርጋት ቦታ አለ።