«ስምንት ላይ ነው እኮ!»፦ ለልጅ ሰዓት ስናስቆጥር

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄን ቤት ውስጥ ሰዓት ማንበብ እያስተማርኳት ነው። የግድግዳ ሰዓታችን እንደ ስልኬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ ሆኖ «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ተነሺ!» ስላት «ስምንት ላይ ነው እኮ!» ትለኛለች። ደግሞስ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ልበላት ወይስ «ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት»? ወሎ ያደጉት አያቷ «ሁለት ተሩብ» ሲሉ ሰምታ እሷም እንደዚያው ማለት ጀምራለች፤ ላርማት? ሲጻፍስ «ሰዓት» ነው «ሰአት»? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፤ ያየችውን ነው ያነበበችው። ከአማርኛው ጋር ያልተስማማው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ከግድግዳው ያውርዱና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካክሉት። ልዩነቱ ድፍን 6 ሰዓት ስለሆነ ረጅሙ ቆጣሪ ዞሮ እዚያው ቦታው ይመለሳል፤ አጭሩ ግን ወደ ትይዩው ይሄዳል። 8 ላይ የነበረው 2 ላይ፣ 12 ላይ የነበረው 6 ላይ ያርፋል። የፈረንጁን ኋላ ስትደርስበት «ትይዩውን ቁጥር አንብቢ» ቢሏት ይበቃል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስተማርን ግን አልመክርም።

«ለምን?» ማለቷ አይቀርም። አማርኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ተነሥቶ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ቢለዋወጥ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ቆጠራው ክረምት ከበጋ ይሠራል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ይቆጥራሉ። በማቴዎስ ወንጌል የወይኑ ባለቤት ሠራተኞችን በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንደኛው ሰዓት ሲቀጥር፣ የመጨረሻዎቹ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደመጡ አማርኛ የሚሰማ ልጅ አስረጂ አያስፈልገውም። የስቅለት ዕለት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ሲባልም እንዲሁ ነው።

ከቁጥሩ በፊት ግን የቀኑን ክፍሎች ታውቅ። አንድ ሰዓት በቀን ሁለቴ ይመጣልና «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ካልተባለ ቁርስ ይሁን እራት አይለይም። እንግሊዝኛ ቀንና ሌሊቱን እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ እኛ ማለዳ፣ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አመሻሽ፣ ምሽት፣ ሌሊት፣ ንጋት እያልን እናደቀዋለን። ድንበራቸው በደቂቃ የተለካ አይደለም፤ አራት ሰዓትን አንዱ ጠዋት ሌላው ረፋድ ይለዋል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ከሰዓት በኋላ» ላይ «ከየትኛው ሰዓት?» ብላ ብትጠይቅዎ አይገረሙ፤ እዚህ ላይ ብቻውን የቆመው «ሰዓት» እኩለ ቀን ማለት ነው። ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ላለው ደግሞ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የምንለው አለ። ይህ አነጋገር ሌሊቱን ከሁለቱም ቀን ጋር ስለሚያያይዘው ቀጠሮ አያሳስትም። ዛሬ ዛሬ ሲዘነጋ አያለሁ፤ ያሳዝናል።

አሁን ወደ «ጉዳይ» እንምጣ፤ ልጆችን የሚያስቸግረው እሱ ነው። ይህ «ጉዳይ» ለጉዳይ ወጣሁ የምንለው አይደለም። ከ«ጎደለ» የመጣ ነው፤ «ገደለ» «ገዳይ»ን፣ «ከፈለ» «ከፋይ»ን እንደሚሰጥ፣ እዚህም ል ወደ ይ ተለውጣለች። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ማለት ሦስት ሊሞላ ሩብ ይጎድላል ማለት ነው። ችግሩ የሚጠራው ቁጥር ገና ያልደረሰ መሆኑ ነው፤ አጭሩ ቆጣሪ በሁለትና በሦስት መካከል ሳለ ሕፃን ያለፈውን ይዞ «ለሁለት ሩብ ጉዳይ» ይላል። ብርጭቆ ውኃ ሞልተው ሩቡን ያጉድሉና «ሊሞላ ምን ያህል ይጎድለዋል?» ብለው ይጠይቋት፤ ግሱ አንድ ነውና ቶሎ ትይዘዋለች።

«ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት» ስህተት አይደለም። በቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ሲነበብ የሚመጣ አነጋገር ነው፤ አድማጭም አይሳሳትበትም። እኔ ግን ድፍኑን ሰዓት፣ ከዚያ «ተኩል»ን፣ ከዚያ «ከሩብ»ን፣ በመጨረሻ «ጉዳይ»ን አስቀድሜ፣ ደቂቃ ቆጠራውን ከዚያ በኋላ አደርገው ነበር። እስከ 60 በአምስት አምስት መቁጠር ሳትችል «አርባ አምስት» ማስባል ሽምደዳ ነው። «ጉዳይ»ን ሳትሰማ ያደገች ልጅ ደግሞ «ለአራት አምስት ጉዳይ ላይ እንገናኝ» ሲሏት አራቱን ይዛ አምስቱን ትጥላለች።

የአያቷን «ሁለት ተሩብ» አይንኩባት። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች «ከ»ን በ«ተ» መናገር የታወቀ ነው። እንዲያውም እርስዎ ራስዎ በየቀኑ «ተኩል» ይላሉ፤ «ተ» እና «እኩል» ተጋጥመው ነው። «ከኩል» የሚል አዲስ አበቤ አላውቅም። ትምህርት ቤት ስትጽፍ «ከሩብ» ትበል፤ ከአያቷ ጋር እንዳመጣላት።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ በእሳቱ ሰና በዓይኑ ዓ «ሰዓት» ነው፤ የግእዙን ሥር የያዘው እሱ ነው። በዛሬው አማርኛ «ዓ» እና «አ» በድምፅ ስለማይለዩ «ሰአት» ብትጽፍ ጆሮዋን አምና ነው፤ ፊደሉን እስክታጠና ድረስ ይለፏት።