ደረጃ 4 ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ የዕቃ ደህንነት ፍተሻ ውስጥ እንዴት ልግባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ገላን ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ። አሁን ሰፈር ውስጥ ምጣድና ካውያ እጠግናለሁ። የቤት ዕቃዎችን ደህንነት ፈትሸው ሰርተፊኬት የሚሰጡ ቦታዎች መሥራት እፈልጋለሁ፤ ዲግሪ ስለሌለኝ ግን ማመልከቱን ፈራሁ። ጥገናውን ልቀጥል ወይስ ልሞክር?

መልስ፦ እህታችን፣ ሞክሪ። የፍተሻ ላቦራቶሪዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ/አይኢሲ 17025፣ ፈታሹ ዲግሪ ይኑረው አይልም። የሚለው ላቦራቶሪው ለየሥራው የሚያስፈልገውን ችሎታ ራሱ ይወስን፣ ሠራተኛውን አሠልጥኖ ብቃቱን ያረጋግጥ፣ ፈቃድ ይስጠው፣ ይህን ሁሉ በመዝገብ ይያዝ ነው። ማስታወቂያ ላይ ዲግሪ ተጽፎ ካየሽ የቀጣሪው ውሳኔ ነው ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ አይጽፍም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ጠጋኝ ዕቃው መሥራቱን ያያል። ፈታሽ ግን ዕቃው ደህና ሲሠራም፣ ሲበላሽም ሰው ይጎዳ እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱንም በቁጥር ይጽፋል። ይህን ልማድ ካሁኑ መያዝ አለብሽ።

ምጣድ ስለምታውቂ በምጣድ እንየው። ሰሌዳው ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል እንበል፤ 15.9 አምፔር ይስባል። ከከተማው ዳር ማታ መብራት ሲደክምና ቮልቴጁ 180 ሲደርስ ያው ምጣድ 2340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ነውና። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ደንበኛዋ ታማርራለች፣ ሠሪው የማሞቂያውን ሽቦ ቆረጥ አድርጎ ያሳጥርላታል። ሌሊት ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ምጣዱ 3800 ዋት ሆኗል፤ ሰሌዳው ግን አልተነካም። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደህንነት ዓለም አቀፍ ደረጃ በሆነው በአይኢሲ 60335-1 የማሞቂያ ዕቃ ኃይል ከሰሌዳው ከ5 በመቶ በላይ መብለጥ የለበትም፤ ለዚህ ምጣድ ጣሪያው 3675 ነው። ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። 3800 ዋት 17.3 አምፔር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ የሚፈቀደው እስከ 16 አምፔር ሲሆን ከዚያ በላይ 2.5 ይጠየቃል። ስፒናው ጠቁሮ የሚመጣልሽ ምጣድ ሲያጋጥምሽ ስፒናውን ከመቀየርሽ በፊት የማሞቂያ ሽቦውን ኦም ለኪ፤ ሲቀዘቅዝ ከ13.8 ኦም በግልጽ ካነሰ ጥፋቱ የስፒናው ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ የመሬት ሽቦው፣ በእኛ አነጋገር ኧርዙ። ሙልቲሜትርሽን ከስፒናው የኧርዝ እግር ወደ ላሜራው ብታገናኚው ጢጥ ይላል፤ አንቺም ደህና ነው ትያለሽ። ሙልቲሜትር የሚያስተላልፈው ኢምንት ኩረንት ስለሆነ ከሽቦው ውስጥ አንድ ክር ብቻ ቢቀርም ጢጥ ይላል። ላቦራቶሪው ግን ከ12 ቮልት ከማይበልጥ ምንጭ 25 አምፔር ይሰድዳል (የዕቃው ኩረንት አንድ ተኩል እጥፍ ከ25 ከበለጠ ያንን ነው)፤ የገመዱ የራሱ ሬዚስታንስ ሳይቆጠር ውጤቱ ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። በ25 አምፔር ይህ 2.5 ቮልት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ቀለም ነው፦ ላሜራው ከተቀባ በኋላ የኧርዙ ብሎን ቀለሙ ላይ ይታሰራል። ቀለሙ ተፍቆ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ሲገባበት ንባቡ ይወርዳል።

ሊኬጅ ኩረንትን፣ ማለትም ሾልኮ ወደ ዕቃው አካል የሚወጣውን ኩረንት፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ለክቶ አልፏል ማለት አይቻልም። የማሞቂያ ዕቃ በሰሌዳው ኃይል 1.15 እጥፍ፣ ማለትም ለ220ው ወደ 236 ቮልት ገደማ ተሰጥቶት፣ ከሞቀ በኋላ ይለካል። ካውያን ለመሰለ ኧርዝ ላለው ተንቀሳቃሽ ዕቃ ገደቡ 0.75 ሚሊአምፔር ነው። 18 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እየሠራ የማይነሳ ምጣድ በየኪሎዋቱ 0.75 ይፈቀድለታል፤ ለ3.5 ኪሎዋት 2.6 ገደማ፣ ጣሪያው 5። ሸክላና ጀሶ እርጥበት ይጠጣሉ። ስለዚህ ዕቃው እርጥበቱ 93 በመቶ በሆነ ክፍል 48 ሰዓት ከቆየ በኋላም ይለካል፤ ደረቅ ሳለ ያለፈው እዚህ ሊወድቅ ይችላል።

አንድ ነገር ለጥገናሽም ይሆንሻል። ገመዱ እንዳይነቀል ውስጥ ላይ ቋጥሮ መተው በደረጃው አይፈቀድም፤ መቆንጠጫ ያስፈልጋል። ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ገመዱ በ100 ኒውተን 25 ጊዜ ይጎተታል፤ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከተንሸራተተ ወድቋል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ፈትሸው ሰርተፊኬት የሚሰጡ ያልሻቸው የተለያዩ እጆች ናቸው። የምርት ሰርተፊኬት ሰጪዎች በሚመሩበት አይኤስኦ/አይኢሲ 17065 በግምገማው የተሳተፈ ሰው ሰርተፊኬቱ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን አይወስንም። በአገራችን በ2003 ዓ.ም የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ሲከፈል ደረጃ ማውጣት፣ ፍተሻና ሰርተፊኬሽን፣ የመለኪያ ሥራና አክሬዲቴሽን (ለላቦራቶሪዎችና ለሰርተፊኬት ሰጪዎች የብቃት ዕውቅና መስጠት) ተለያይተዋል። ላንቺ የሚቀርበው ፍተሻና ሰርተፊኬሽን የያዘው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ ተከታተዪ። መጀመሪያ የሚከፈትልሽ በር ግን ከቤትሽ ብዙም የማይርቅ ይመስለናል፦ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር ዕቃ የሚሠራ ወይም የሚገጣጥም ፋብሪካ የጥራት ክፍል። እዚያ የሚሠራው ሙሉው የላቦራቶሪ ፍተሻ ሳይሆን እያንዳንዱ ዕቃ ከመስመር ሲወጣ የሚደረገው አጭሩ ነው፦ ኧርዝ ቢያንስ በ10 አምፔር፣ ኧርዝ ላለው ዕቃ የሽቦ መከላከያው መቻሉን ለማየት 1000 ቮልት ለ1 ሰከንድ፣ ከዚያ ዕቃው መሥራቱን ማየት። ሺሁን ቮልት ሳትሠለጥኚ በራስሽ አትሞክሪው። በፋብሪካም ቢሆን ክፉው ነገር ፍጥነቱ ነው፤ በሰዓት ብዙ ዕቃ ሲያልፍ ፈታሹ የትላንቱን ቁጥር መገልበጥ ይጀምራል።

እስከዚያው ለሦስት ወር እንዲህ አድርጊ። ወደ ሱቅሽ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ በደብተር መዝግቢ፦ ሰሌዳው የሚለውን፣ የሜትርሽን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የግድግዳውን ቮልቴጅ፣ ንባቡን ሳታጠጋጊ። የ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ መከላከያን ሬዚስታንስ የሚለካ መሣሪያ) ተከራይተሽም ቢሆን ተለማመጂ፤ ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው በርቶ። ስትሳሳቺ በአንድ መስመር ሰርዢና ፈርሚበት፤ ፍሉድ አትቀቢ። ደረጃዎቹን የምታነቢው በእንግሊዝኛ ነው፤ በካውያ ክፍል፣ በ60335-2-3፣ ጀምሪ፤ አጭር ነው፣ ዕቃውንም ታውቂዋለሽ።

ማመልከቻሽ ላይ ከሲኦሲሽ ሥር ከደብተሩ አንድ ገጽ አያይዢ፤ የወደቀ ዕቃ ያለበትን፣ ለምን እንደወደቀም የጻፍሽበትን።