ከሌሊት ወፏ ይልቅ ግንበኛውን ተጠንቀቂ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ሳሎን ውስጥ ማታ የሌሊት ወፍ ገባችብኝ፤ ልጆቼን ይዤ ጎረቤት አደርኩ፤ ምን መርዝ ብረጭ ትሞታለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። እስካሁን የተሰጡሽን መልሶች አነበብኩ። በርበሬ አጭሺባት ያለ አለ፤ ናፍታሊን በትኚ ያለች አለች፤ አንዱ ደግሞ በመጥረጊያ መትቶ እንደጣላት በኩራት ጽፏል። ሦስቱንም አትስሚ። እኔ ያየሁትን አበሳ አንቺ እንዳታዪው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ቤትሽን ባላየውም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ያረጀ ኮርኒስ፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት የተመታበት እንደሆነ አልጠራጠርም። የባሕር ዳር ኪራይ ቤት ሌላ ምን አለው?

1. ውስጥ ያለችውን ለማስወጣት። ልጆቹን ሌላ ክፍል አስገቢና በሩን ዝጊ፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፊበት። ቬንትሌተር ካለ አጥፊው፣ ክንፏን ይሰብረዋል። ከዚያ የሳሎኑን መብራት አጥፍተሽ ወደ ግቢ የሚያወጣውን በር ወለል አድርገሽ ክፈቺ። መስኮት ክፈቺ የሚሉሽ ሰዎች የውጭ አገር ቪዲዮ ያዩ ናቸው። የእኛ አገር ወንፊት በምስማር የተመታ ስለሆነ መስኮቱን ብትከፍቺውም መውጫ የላትም፤ ወይ ወንፊቱን ትነቅያለሽ ወይ በበሩ ትጠቀሚያለሽ። ጸጉር ላይ ትጠመጠማለች የሚባለው ወሬ ነው። ክፍል ውስጥ ስትዞር ግድግዳው ዘንድ ከፍ፣ መሀል ላይ ዝቅ ስለምትል መሀል ቆሞ ለሚጮህ ሰው ራሱን የፈለገችው ይመስለዋል። ግድግዳ ተጠግተሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። መንገዱን ካገኘች ራሷ ትወጣለች።

2. አልወጣ ብላ መጋረጃ ላይ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ከተለጠፈች፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገሽ ጣሳ ወይም ትንሽ ካርቶን ድፊባት፤ ጠንካራ ወረቀት በሥሩ አንሸራተሽ ክደኚና ይዘሽ ውጪ። መሬት ላይ አታስቀምጫት፤ አብዛኞቹ ከመሬት ተነስተው መብረር ይቸግራቸዋል። ከፍ ያለ የዛፍ ግንድ ላይ አስጠጊያት። በባዶ እጅ መንካት ግን በጭራሽ። ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ።

መርዙን እርሺው። በመርዝ የተዳከመች የሌሊት ወፍ የምትወድቀው ልጆች በሚጫወቱበት ወለል ላይ ነው። ደግሞም ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ሲመሽ መብራታችንን የሚወረውን የነፍሳት መንጋ እናውቀዋለን፤ ቤት ጣሪያ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ የሌሊት ወፎች የሚበሉት እሱን ነው። ወባ ባለበት ከተማ እየኖርን ነፍሳት የሚበላ እንስሳ ለመፍጀት መሯሯጣችን ይገርመኛል።

3. የምትገባበትን ቀዳዳ መዝጋት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ችኩል ናቸው። ኮርኒሱ ውስጥ ማታ ማታ የሚንጫጫ ነገር እንዳለ ስነግራቸው «ዛሬውኑ አስደፍነዋለሁ» አሉኝ። እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ በጠራራ ፀሐይ ግንበኛ ይዘው መጡ። ግንበኛው ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ሁሉ በሲሚንቶ ጠቅጥቆ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አስቢው፦ የሌሊት ወፍ ቀን የት ናት? እዚያው ውስጥ ተኝታ! ሌባውን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ እንደመቆለፍ ነው።

ሲመሽ ኮርኒሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወትሮው መውጫቸው ተዘግቶባቸዋልና ሌላ ፈለጉ፤ አምፖሉ በተሰቀለበት ቀዳዳና ኮርኒሱ በተላቀቀበት ጥግ ወደ መኝታ ቤታችን ወረዱ። የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳ ይበቃቸዋል። ያልወጡት እዚያው ሞቱ። ግልገሎችም ነበሩባቸው፤ እናት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች፣ ለአደን ስትወጣ ደግሞ ግልገሏን ትታት የምትሄድበት ጊዜ አለ። ሽታው ሲመጣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ተከተለ፤ በመጨረሻ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ግንበኛውን ጠርቼ ስጠይቀው «ደፍን ተባልኩ፣ ደፈንኩ» አለኝ።

ከገንዘቡ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ታናሿ ልጄ አልጋው ሥር ወድቃ የቀረች አንዷን አግኝታ የወፍ ጫጩት መስላት አነሳቻት። ጣቷን ነከሰቻት። ጥርሳቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚታየው መርፌ የነካው የሚመስል ነጥብ ብቻ ነው፤ ልጅቱ ባታለቅስ ኖሮ አላውቅም ነበር። ግቢ ውስጥ የነበረው ልጅ ደግሞ ወፏን በጫማው ጨፍልቆ ቆሻሻ መኪና ላይ ጣላት። የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ምርመራው የሚደረገው ደግሞ በእንስሳው አንጎል ላይ ነው፤ ጭንቅላቷ ከተፈጨና ከተጣለች በኋላ ማን ምን ይመርምር? ስለዚህ ሰው የነካች የሌሊት ወፍ ከሞተች በጓንት አንስተሽ፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪና ለጤና ባለሙያ አሳዪ።

የልጄን ጣት በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ይህን አትዝለዪ፤ ከክትባቱ በፊት የሚያድነው ይህ ነው። ከዚያ ይዣት ሮጥኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ተቋም ነው። የተቀበለኝ ወጣት ቀና ሳይል «ውሻ ነው?» አለኝ። «የሌሊት ወፍ ናት» አልኩት። ሳቀ፤ አጠገቡ ያለችውንም አሳቃት። «ደም የምትመጥ የሌሊት ወፍ ፊልም ላይ ነው ያለችው» አለኝ። ደም መጣጮቹስ በእውን አሉ፤ መኖሪያቸው ላቲን አሜሪካ ነው። የእኛዎቹ ነፍሳትና ፍራፍሬ በል ናቸው፤ ነገር ግን በእጅ ሲያዙ ይነክሳሉ፣ ምራቃቸው ውስጥ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ዘመዶች ሊኖሩ ይችላሉ። ወጣቱ ግን «ሂጂ፣ ቁስሉ ቀላል ነው» ሊለኝ እንደተዘጋጀ ያስታውቅ ነበር።

ቁጭ ብዬ ነገርኩት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ሰው በተኛበት የሌሊት ወፍ ከንፈሩን ነክሳው ሞቷል፤ ቫይረሱ እስከ ዛሬ ዱቬንሄጅ እየተባለ የሚጠራው በሟቹ ስም ነው። በ2007 ደግሞ ኬንያን የጎበኘች ኔዘርላንዳዊት የሌሊት ወፍ ፊቷን ነክታት፣ ክትባት ሳትወስድ አገሯ ገብታ ሞተች። የዓለም ጤና ድርጅት የሌሊት ወፍ ንክኪን የሚመድበው ከባድ በሚባለው በሦስተኛው ደረጃ ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው በዚህ በሽታ የሚሞተው በውሻ ንክሻ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላልና በልጄ ዕድል አልጫወትም አልኩት።

አሁንም ትከሻውን ሰበቀ። ያን ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እሺ፣ ክትባት አያስፈልጋትም ብለህ ካርዷ ላይ ጻፍልኝ፤ ስምህንና ፊርማህንም አኑርበት» አልኩት። እህቴ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ያዢው። ብዕሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ተነስቶ ኃላፊዋ ዘንድ ገባ። ኃላፊዋ የተማሩ፣ ትሑት ሴት ነበሩ፤ አዳምጠውኝ ሲያበቁ ልጄ ያኑ ዕለት ክትባቱን ጀመረች። ድሮ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ እንደነበረው አይምሰልሽ፤ አሁን ክንድ ላይ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው እየተባለ ይቀጥላል። ቀኑን አታሳልፊ። አንቺም የሌሊት ወፏ ልጆችሽ በተኙበት ክፍል ገብታ አድራ ከሆነ፣ ነክሳቸው እንደሆነ ሊነግሩሽ የማይችሉ ሕፃናት ካሉ ቁስል ባታዪም ሄደሽ ጠይቂ። ድመት ካለሽና ከያዘቻት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ወደ ቀዳዳው ልመለስ። ከኮርኒሱ ጥፋት በኋላ ሥራውን ራሴ ቆሜ አሠራሁት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥተሽ ተቀመጪና ከየት እንደሚወጡ ተመልከቺ፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ ምልክትና ከሥሩ የአይጥ የሚመስል ኩስ ካለ መውጫው እሱ ነው። በዚያ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንፊት ከላይና ከጎን አጣብቀሽ ከታች ክፍት ተዪው፤ ከቀዳዳው በታች ወረድ ብሎ ይንጠልጠል። ወደ ታች ተንሸራተው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ግን መግቢያው ይጠፋቸዋል። አንድ ሳምንት ያህል ቆይተሽ፣ የሚንጫጫ ነገር አለመኖሩን አረጋግጠሽ፣ ያን ጊዜ ሲሚንቶውን አስመጪ። ገና መብረር ያልቻሉ ግልገሎች ድምፅ ከሰማሽ እስኪወጡ ጠብቂ፤ እስከዚያ የአምፖሉን ዙሪያና የኮርኒሱን ጥግ ብቻ ከውስጥ በኩል ዝጊ።

ኮርኒስ ላይ የተከማቸውን ኩስ በደረቁ እንዳትጠርጊው። አቧራው ሳንባን የሚያጠቃ ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርጥበሽ፣ ከዚያ እፈሺው። ለቀን ሠራተኛ ከሰጠሽም መሸፈኛውን አንቺ ግዢለት፤ ራሱ አይገዛም።

የአከራይሽን ነገር አልረሳሁም። የእኔዎቹ ጋሼ የኮርኒሱን ወጪ ግማሽ ከእኔ ሊቀበሉ ሞክረው ነበር፤ «ግንበኛውን ማን አመጣው?» ብዬ ጎረቤት ሰብስቤ ነው ያስተውኳቸው። አንቺ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚከፍል በወረቀት አጻፊ፤ ቁልፉንም አንቺ በሌለሽበት ለማንም አትስጪ። ወንፊቱ እንዴት እንደተሰቀለ ፎቶ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ግንበኛ ጠቁሚኝ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።